ሦስት ቢሮ፣ አንድ ቃል

የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ለታይ ስትደውል ሰላምታዋ ረጅም ነው። ጤናዬን፣ ጉልበቴን፣ የልጆቼን ሥራ፣ የቂርያት ጋትን ሙቀት ሳይቀር ትጠይቃለች፤ ወደ ጉዳይዋ የምትገባው የያዝኩት ሻይ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ግን ከቤር ሼቫ ደውላ «እንደምን አደርሽ፣ እንጉዳይ» አለች። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመጣ ሲቀር ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አዱኛ ዐረፈ» አለችኝ።

ለቅሶው በከተማችን አዲስ ሰፈር፣ ካርሜ ጋት ውስጥ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ በልጁ ቤት ነበር። ደንግጬ ገባሁ፤ ውስጡ ግን ሰው ይስቃል። አንዱ ስለ አዱኛ አንድ ነገር ያወራል፣ ሌላው ከአፉ ይቀበለዋል። ነውር መስሎኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። የአዱኛ ባለቤት አየችኝና «ተዪአቸው ይሳቁ፣ እታለም» አለች። «እሱ ራሱ ለቅሶ ቤት ሄዶ የሰው ቴሌቪዥን ሳይጠግን ተመልሶ አያውቅም።»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አብሬው መሥራቴን ያውቃሉ፤ አንድ ነገር እንድናገር ፈለጉ። በሰው መካከል መናገር አይሆንልኝም። «ጥሩ ሠራተኛ ነበር» ብቻ አልኩ። እውነት ነው፤ ግን ይህን ስለማንም ሰው ይሉታል። ስለዚህ ቤቴ ገብቼ የቀረውን እዚህ ጻፍኩት።

አዱኛን ያወቅሁት ለአረጋውያን በሚሠራ አንድ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ጸሐፊ ሳለሁ ነው። ማኅበሩ ሦስት ቢሮ ነበረው፤ አንዱ አሽዶድ፣ አንዱ ቤር ሼቫ፣ ሦስተኛው የእኛው፣ ቂርያት ጋት ውስጥ በአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት። የቅጥር ወረቀቴ ላይ ሥራዬ መዝገብ መያዝ ነው ይላል። ዋናው ሥራ ግን ደብዳቤ ማንበብ ነበር። አረጋውያኑ ዕብራይስጥ አያነቡም። ከመንግሥት የመጣውን፣ ከሐኪም የመጣውን፣ ከውኃ ክፍል የመጣውን ወረቀት ሁሉ በፌስታል ይዘው ጠዋት በር ላይ ይጠብቁኛል። አንዳንዱ ደብዳቤ አስቸኳይ ነው፤ አንዳንዱ የፒዛ ማስታወቂያ ነው። ለእነሱ ሁለቱም እኩል ያስፈራሉ።

አዱኛ ኮምፒውተሮቻችንን የሚያይልን ሰው ነበር። ከጎንደር ገጠር በልጅነቱ መጥቶ፣ በጦር ሠራዊቱ የሬዲዮ ክፍል አገልግሎ፣ ከዚያ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ከፋብሪካዎቹ በአንዱ ሃያ ዓመት ያህል ሠራ። ፋብሪካው የእሱን ክፍል ሲዘጋ ጠጉሩ መሸበት ጀምሮ ነበር። ኮርስ ገብቶ ኔትወርክ ተማረና ነጭ መኪና ገዝቶ ከአንዱ ትንሽ ቢሮ ወደ ሌላው እየዞረ መሥራት ያዘ። «ከክፍሉ ሁሉ ሽማግሌው እኔ ነበርኩ» ይል ነበር። «ልጆቹ ያልገባቸውን እኔ እጠይቃለሁ፤ እነሱ አፍረው ዝም ይላሉ። በመጨረሻ መምህሩ እኔ ካልጠየቅሁ ትምህርቱ ያላለቀ ይመስለው ነበር።»

ግዙፍ ሰው ነበር፤ እርምጃው ቀስ ያለ፣ ጣቶቹ ግን የጥልፍ ሠሪ ጣቶች። መዝገባችን ያለበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የተቀመጠው ማማድ በምንለው ግንቡ ወፍራም በሆነ መጠለያ ክፍል ውስጥ፣ በብረት ቁም ሳጥን ነበር። አዱኛ ቁም ሳጥኑን ከመክፈቱ በፊት በጣቱ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ሥራ ላይ ናቸው እኮ» አለኝ። አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም።

በገመዶቹ ላይ በአማርኛ ስም ይለጥፋል። የማተሚያው ገመድ «ሆዳም» ነው፤ ወረቀት ስለሚበላ። የሒሳብ ሠራተኛችን የሲጋል ገመድ «ኩርፊያ» ነው። ሲጋል እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ስለማታነብ ምን እንደተጻፈ አታውቅም ነበር። የእኔን አንድ ቀን ቁም ሳጥኑ ተከፍቶ አየሁት፤ «ዝምታ» ይላል። ምንም አላልኩም። ስሙም እንደዚያ እንዲሆን ያደረገው ይኸው ይመስለኛል።

ሲገባ ቀጥታ ወደ ኮምፒውተር አይሄድም። ከበር ጀምሮ ሰላም እያለ፣ የእያንዳንዱን ጤና እየጠየቀ ነው የሚመጣው። «ገመዱን ከመንካትህ በፊት ሰውየውን ጠይቅ» ይላል። አንድ ሰሞን ማተሚያው በየጠዋቱ እየጠፋ አስቸገረን። ሌላ ባለሙያ መጥቶ ማተሚያው አርጅቷልና አዲስ ግዙ ብሎን ሄደ። አዱኛ ማተሚያውን አላየውም። ከተሰለፉት እናቶች አጠገብ ተቀምጦ ጨዋታ ጀመረ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተነሥቶ «እማማ ዝማም ስልካቸውን ይሞላሉ» አለኝ። የማተሚያውን ገመድ ነቅለው በቦታው የስልካቸውን ይሰኩ ነበር። አልተቆጣቸውም። ወደ መኪናው ሄዶ ብዙ ሶኬት ያለው ማከፋፈያ አመጣና አንዱ ቀዳዳ ላይ «የእማማ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ማተሚያው ጠፍቶ አያውቅም፤ እማማ ዝማምም ቀዳዳቸውን ለማንም አያስነኩም ነበር።

በኋላ ሮኒ የሚባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። ሦስቱን ቢሮ ዞሮ ሲያይ ያየው ነገር አላስደሰተውም። እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን መዝገብ ይዞ ተቀምጧል፤ አንዱ የሌላውን ማየት አይችልም። አንድ አረጋዊ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ከልጁ ጋር ሊኖር ሲሄድ ፋይሉ ወደ ኋላ ይቀራል። እማማ ዝማም ከቤር ሼቫ ወደ ካርሜ ጋት ወደ ልጃቸው ከመጡ አራት ወራቸው ነበር። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቤታቸው መጥታ የምትረዳቸው ሴት ይገባቸዋል፤ የሐኪሙ ወረቀት ያለበት ፋይል ግን ቤር ሼቫ ውስጥ በየትኛው ስም እንደተቀመጠ አልታወቀም። ለታይ ሁለት ጊዜ ላከችልኝ፤ ሁለቱም ጊዜ የሌላ ዝማም ሆነ።

ሮኒ እኔ ቢሮ ቆሞ ውሳኔውን ነገረኝ። «ሁሉንም አሽዶድ እንሰብስበው። አንድ ቦታ፣ አንድ መዝገብ። ይህን ቢሮ በወሩ መጨረሻ እንዘጋዋለን፤ ቁልፉን ትመልሺልኛለሽ።»

ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኝ ነበር፤ የኔው ይቅር። እማማ ዝማም ግን ከካርሜ ጋት በአውቶቡስ ወርደው፣ ከማቆሚያው እስከ በራችን ሁለት ቦታ ዐርፈው ነው የሚደርሱት። ፌስታላቸውን ይዘው እስከ አሽዶድ? ማን ያደርሳቸዋል? ይህን ልል አስቤ አልወጣልኝም።

«ሮኒ» የሚል ድምፅ ከጠረጴዛዬ ሥር መጣ። አዱኛ እዚያ ተንበርክኮ ገመድ ይስብ ነበር። «ሦስቱን ቤት ሳታፈርስ አገናኝልሃለሁ።»

ሮኒ ጎንበስ ብሎ አየው። «በምን?»

«በቪፒኤን። አራት ሳምንት ስጠኝ።»

ሮኒ አሰበ። «እሺ» አለ። «እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ከቀትር በፊት የቤር ሼቫን ፋይል ከከፈትኩ ቢሮው ይቆያል። ካልከፈትኩ ቁልፉን እወስዳለሁ።»

ሮኒ ከወጣ በኋላ አዱኛን ቪፒኤን ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «በሕዝብ መንገድ ላይ ተከናንቦ የሚሄድ መልእክተኛ ማለት ነው» አለኝ። «መንገዱ የሁሉም ነው። ማን እንደሆነና ምን እንደያዘ የሚያውቁት ግን የላከውና የሚቀበለው ብቻ ናቸው።»

ሥራውን እንደጀመረ መጀመሪያ ያገኘው ችግር ሦስቱም ቢሮዎች ውስጣቸው አንድ ዓይነት የኔትወርክ አድራሻ መያዛቸው ነበር። ከዓመታት በፊት የተከላቸው ሰው ቢሮዎቹን ከኢንተርኔት የሚያገናኙትን ሣጥኖች አድራሻቸውን ሳይለውጥ ከካርቶን እንደወጡ ትቷቸዋል። እንዲህ ሆነው ቢገናኙ መልእክቱ የትኛው ቤት እንደሚገባ አያውቅም። ይህን ሲያስረዳኝ የራሴ ነገር ትዝ አለኝና፣ ያለ ልማዴ ነገርኩት። ወደዚህ አገር ስንገባ መዝጋቢዋ ስሜ አልያዝ ቢላት አስቴር ብላ ጻፈችኝ። በሕንፃችን ሁለት ሴቶች ደግሞ እንዲሁ አስቴር ተብለዋል። ፖስተኛው ሦስታችንን ሊለይ አልቻለም፤ እኔ የሌላዋን አስቴር የጥርስ ቀጠሮ ስቀበል፣ እሷ የልጄን የትምህርት ቤት ጥሪ ስትቀበል ወራት አለፉ። አንድ ቀንማ ተሳስቼ ጥርሴን ልነቀል ነበር።

አዱኛ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይኸው ነዋ! ሦስቱም ቢሮ አስቴር ናቸው!» አለ። በሳምንቱ አሽዶድን ጨርሶ ሲመለስ «ለሦስቱም የየራሳቸውን ስም አወጣሁላቸው» አለኝ። «የእኛዋን እንጉዳይ ብያታለሁ።» ሣጥኑን አየሁት፤ እውነትም እንዲያ ብሎ ለጥፎበታል።

መንገዱ ብቻውን ግን አይበቃም ነበር። እያንዳንዱ ቢሮ ዶሜን የሚሉት የራሱ ግዛት አለው፤ በመዝገቡ የሌለን ሠራተኛ አያስገባም። «እንግዳ ሲመጣ ዋስህ ማነው ይላል» አለ አዱኛ። «እኔ የማደርገው አንዱን ግዛት ለሌላው ዋስ ማድረግ ነው። እርስዎ የቤር ሼቫን በር ሲያንኳኩ፣ ቤር ሼቫ እርስዎን ባታውቅ እንኳ፣ ቂርያት ጋት 'የእኔ ሰው ናት፣ አስገቢያት' ትላለች።» እኔ ይህን ሁሉ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ ሳልማር እንዴት እንደገባኝ አላውቅም። ገባኝ ግን።

የቀረው የምሥጢር ቃል ነበር። ሁለቱ ጫፎች አንድ ቃል ካልያዙ አይተዋወቁም። አዱኛ በዚህ ነገር ጥብቅ ነበር። ቀድሞም አንድ ጊዜ ከየኪቦርዱ ሥር የምሥጢር ቃል የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ሰብስቦ በእጁ እያራገበ «ይህ የቤት ቁልፍ ነው ወይስ የሠርግ ጥሪ?» ብሎ ሁላችንንም አሳፍሮናል። አሁንም ምሥጢሩን ለሁለት ከፈለው። ረጅሙን ቁጥር በወረቀት ይልካል፤ ከቁጥሩ ፊት የሚቀድመውን ቃል ግን በአፍ ብቻ። «ወረቀቱን የሰረቀ ቃሉን አያገኝም፤ ቃሉን የሰማ ቁጥሩን አያገኝም» ይላል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሮኒ ለጦር ተጠባባቂነት ተጠራ። «ፈተናው በዚህ ሐሙስ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ አልኖርም» ብሎ ደወለ። ቤር ሼቫ ገና አልተተከለም። አዱኛ ሣጥኑን እዚሁ አዘጋጅቶ፣ ቁጥሩን በፖስታ አሽጎ፣ ለጉዳይ መጥቶ በነበረው በለታይ ባል እጅ በባቡር ላከው። ለታይ የትግራይ ሰው ናት፤ በቤር ሼቫው ቢሮ እንደኔው ጸሐፊ ነበረች። የሚቀራት ገመዶቹን መሰካትና ቃሉን ማስገባት ብቻ ነው። ረቡዕ ስትደውል የአዱኛ ሁለት እጆች ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነበሩና ስልኩን እኔ ያዝኩ።

«ቃሉን ይንገሯት» አለኝ፤ አስቀድሞ በጆሮዬ ነግሮኝ ነበር። «በእንግሊዝ ፊደል ትጻፈው።»

አፌን በእጄ ጋርጄ «ጠሐይ» አልኳት።

«ገባኝ» አለች ለታይ።

«እንዴት አድርጋ ትጻፈው?» ብዬ አዱኛን ጠየቅሁት።

«እንደሚባለው ነዋ! በሌላ በምን ይጻፋል?» አለ፣ ራሱን ከቁም ሳጥኑ ሳያወጣ።

ሐሙስ ሮኒ በዘጠኝ ሰዓት ገባ፤ እዚህ ሰዓት የምንቆጥረው እንደ አገሩ ነው። መቀመጫው ሁሉ በአረጋውያን ተሞልቷል። ቢሮው ሊዘጋ ነው የሚለውን ወሬ ሰምተው ደብዳቤ ያለውም የሌለውም መጥቷል። አዱኛ ሁሉንም ሰላም ሲል ሮኒ ሰዓቱን አየ። በስክሪኑ ላይ አሽዶድ አረንጓዴ ነች። ቤር ሼቫ ቀይ።

አዱኛ ገመድ አየ፤ ሰዓት አመሳከረ፤ ሣጥኑን አጥፍቶ አበራ። ለታይ በስልክ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር ሦስት ጊዜ አስተያየች። ቀይ። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ሆነ። ቀይ። ሮኒ «እዚያ ያለችው ሴትዮ ተሳስታ ጽፋ ይሆናል» አለ። የቢሮው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እጄ እሱ ላይ እንደነበረ ትዝ ይለኛል።

አዱኛ ቃሉን ከለታይ ጋር ማመሳከር ፈለገ። ነገር ግን ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ክፍሉ ሙሉ ሰው ይሰማል። ምሥጢር ደግሞ በሰው ፊት አይጠራም። ጥቂት አሰበና፦

«ለታይ፣ ጠዋት የሚወጣው ምንድን ነው?» አለ።

«ልጆቹ ናቸው። ለትምህርት።»

«ልጆቹን ተያቸው። ከተራራ ጀርባ የሚወጣው።»

«ቤር ሼቫ ምን ተራራ አለና?»

«ለታይ!»

«ኧረ ገባኝ! እሱኑ ነው የጻፍኩት፤ እንጉዳይ የነገረችኝን።»

«በምን ፊደል ጀመርሽ?»

«በጸ ነዋ። ቲ፣ ኤስ።»

አዱኛ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን ቀድሜ ገብቶኝ ነበር። አዱኛ ሊያስቆማቸው ሳይደርስ ከመቀመጫው አባ ተገኘ ተነሡ። ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፏል፤ ጆሯቸው ግን የፈለገውን ይሰማል።

«ጠሐይን በጸ?» አሉ። «ጠሐይ በጠ ነው እንጂ!»

«ጸሐይ!» አለች ለታይ ከስልኩ ውስጥ።

«ጠሐይ ነው፣ ልጄ! ስንወለድ ጀምሮ!»

«እናንተ ጎንደሬዎች ጾሙን ጦም፣ ጸሎቱን ጠሎት አላችሁት፤ ምን ቀራችሁ?»

«ጦምነውም ጾምነውም ያው ነው የሚርበን!» አሉ አባ ተገኘ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግማሹ ጠሐይ፣ ግማሹ ጸሐይ እያለ ይሟገት ጀመር። ሲጋል ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ «እኔ ሰሐይ ይመስለኝ ነበር» ስትል ሁለቱም ወገን አንድ ሆኖ ጮኸባት።

ሮኒ አማርኛ አይሰማም። «ምንድን ነው? ማነው የተሳሳተው?» አለ።

ቃሉን በስልክ ያስተላለፍኩት እኔ ነበርኩ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ አዱኛ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለ በዕብራይስጥ፣ ቆሞ። «አንድ ቃል በአንድ ዓይነት ብቻ ይጻፋል ብዬ ፊደሎቹን ሳልነግራት ቀረሁ። እንጉዳይ በትክክል ተናገረች፣ ለታይም በትክክል ጻፈች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥፋቱ የባለሙያው ነው።»

«ታዲያ አስተካክለው። አንድ ፊደል ነው እኮ!»

«አሁን አይሆንም። ቃሉን ክፍሉ ሁሉ ሰምቶታል፤ ሌላ መምረጥ አለብኝ።»

ሮኒ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየው፤ ለቀትር አርባ ደቂቃ ቀርቷል። «እነዚህ ሽማግሎች ናቸው የሚሰርቁን?»

«ሮኒ፣ አባ ተገኘ ዛሬ የሰሙትን ነገ ምኩራቡ ሁሉ ያውቀዋል።»

ይህን በአማርኛ ተረጎመላቸው። «እውነቱን ነው» አሉ አባ ተገኘ፣ ሳይከፋቸው።

ከዚያ አዱኛ ሁሉም ሰው ወደ ግቢ እንዲወጣ ለመነ። እየተደጋገፉ ወጡ። ሮኒ ብቻ ቀረ።

«አንተም» አለው አዱኛ።

«እኔ ሥራ አስኪያጁ ነኝ!»

«ለዚህ ነው በትሕትና የለመንኩህ።»

ሮኒ ፊቱ ቀላ። የሚያባርረው መስሎኝ ነበር። ከዚያ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ወጣ።

ክፍሉ ውስጥ እኔ፣ አዱኛና ለታይ በስልክ ቀረን። «አሁን እርስዎ ይምረጡ» አለኝ። መረጥኩ። ቃሉ ተለውጦ ብዙ ጊዜ ቢሆነውም እዚህ አልጽፈውም። አዱኛ ይህን ጊዜ ፊደል በፊደል ነገራት፤ እሷም ፊደል በፊደል መለሰችለት። ቀጥሎ በእኛው በኩል አስገባ፤ ከዚያ የአሽዶድንም ከዚሁ ሆኖ ይለውጥ ገባ።

እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ሮኒ በአጥሩ ጥግ ባለው አጭር ግንብ ላይ ተቀምጧል። አረጋውያኑ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ከእነሱ ጋር የተባረረ ሰው ሲያዩ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ አባ ተገኘ ግን ፌስታላቸውን ፈትተው አንድ ፖስታ ሰጡት። ሮኒ አነበበው። በእጁ፣ በጣቱ፣ ፊቱን እያጨማደደ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ አልገባቸውም። ሌላዋ ሰጠችው። ከዚያ ሌላው። ሮኒ አንዱን ወረቀት ሲያነብ ቆይቶ ተነሥቶ ቆመ፤ መልሶ ተቀመጠና እንደገና አነበበው።

«እትዬ እንጉዳይ» አለኝ አዱኛ።

ዞርኩ። ቤር ሼቫ አረንጓዴ ሆናለች። ስልኩ ውስጥ ለታይ በትግርኛ እልል ትላለች።

ለቀትር አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሁሉም ተመልሰው ገቡ። ሮኒ እኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በግራ እጁ ሰባት ያህል ደብዳቤ ይዟል። «የማንን ፋይል ልክፈት?» አለ። አዱኛ ለተርጓሚነት አፉን ሳይከፍት እማማ ዝማም ከሶኬታቸው አጠገብ ተነሥተው «የኔን!» አሉ። ዕብራይስጥ አያውቁም የተባሉት።

እኔ ከጎኑ ቆሜ ስሙን ጻፍኩ። አራት ዝማሞች መጡ፤ እማማ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው በፎቶግራፉ ሦስተኛዋን አወቋት። «ያኔ እንዴት ወፍራም ነበርኩ!» አሉ። ሮኒ ሲከፍተው ከፎቶው በታች የሐኪሙ ወረቀት ተቀምጧል፤ ስንት ወር የፈለግነው።

ሮኒ ስክሪኑን አየ፤ በእጁ ያሉትን ደብዳቤዎች አየ። ከላይ ያለውን አነሣው። «ይህ መልስ የሚሰጥበት ቀን እሑድ ያልፋል» አለ። «ይህን ሁሉ ማነው የሚያነብላቸው?»

አዱኛ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

ሮኒ ከወንበሬ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ደብዳቤዎቹን ፊቴ ደርድሮ ሌላ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ቁልፉ አላነሣም። ያን ቀን ከቀትር በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት እኔ ስተረጉም እሱ ለየመሥሪያ ቤቱ ሲደውል ዋልን፤ ከጦሩ ሲመለስም ስለ መዝጋት የተናገረ የለም። ቁልፉን ያስረከብኩት ጡረታ በወጣሁ ቀን፣ ለተተካችው ልጅ ነው።

የዚያን ቀን ሥራው ሲያልቅ አዱኛን እስከ መኪናው ሸኘሁት። ሸኝቼው አላውቅም ነበር፤ እሱም ገርሞት ሲሄድ ሲሄድ ያየኝ ነበር። መኪናው ጋ ስንደርስ ከጠዋት ጀምሮ የያዘኝን ጠየቅሁት።

«ቃሉን በስልክ የነገርኳት እኔ ነኝ። ለምን ጥፋቱን ለራስህ ወሰድከው?»

«እርስዎ እንደ ሰጠሁዎት አደረሱ» አለ። «ያደረሰ አይወቀስም። ለታይም የሰማችውን በአገሯ ፊደል ጻፈች፤ እሷም አትወቀስም። ፊደሎቹን ሳልናገር የቀረሁት እኔ ነኛ።»

አመሰገንኩት። መሣሪያዎቹን ጫነ፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ግራ ቀኝ አየ፤ ማንም እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ለእርስዎ ብቻ ግን ልንገርዎ» አለኝ። «ትክክሉ ጠሐይ ነው።»